ድርሰትሽን ከማሳተምሽ በፊት የማንን ምክር ልትሰሚ ነው?

 

ዛሬ የምንማማረው ስለ ልብ ወለድ ድርሰት ነው። "ይሄ ርእስ ለኛ ምን ያደርግልናል?" የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በመካከላችን የሚጽፍ ሰው ከምናስበው በላይ ብዙ ነው። ማዳም ከተኛች በኋላ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብላ በደብተር የምትጽፍ አለች። በስልኳ ላይ ትንሽ ትንሽ እያለች የምታጠራቅም አለች። እሑድ ስንገናኝ ታዲያ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ "የት ላሳትመው? ማንን ላማክር?"

እኔ እስካሁን ያሳተምኩት መጽሐፍ የለም። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ቤሩት የመጣሁ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ሆኖም ከጉባኤ በኋላ ጽሑፍ የምናነብበት ትንሽ ቡድን አለን። ከዚያ ያየሁትን፣ ከመጻሕፍት ያገኘሁትን፣ አገር ቤት ያሳተሙ ሰዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን አካፍላችኋለሁ። አብዛኞቻችን ሴቶች ስለሆንን "አንቺ" እያልኩ እጽፋለሁ፤ ወንድሞች ለራሳችሁ አዙራችሁ አንብቡት።

"መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ" ይባላል። እውነት ነው፤ መካሪ ያስፈልጋል። ግን መካሪ ነኝ ያለ ሁሉ መካሪ አይደለም። የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ጥሩ መካሪ ጣቱን ገጽሽ ላይ ያሳርፋል፤ መጥፎ መካሪ እጁን ቦርሳሽ ውስጥ ይከታል። እንዴት እንደምንለያቸው በየተራ እንመልከት።

1ኛ. ማን ምን እንደሚሠራ እንወቅ

ብዙዎቻችን "ማሳተም" እና "ማተም" አንድ ይመስሉናል። ይለያያሉ።

ሀ) ማተሚያ ቤት፦ ወረቀትና ቀለም ያለው ነው። የከፈልሽውን ያትማል። ድርሰቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሱ ጉዳይ አይደለም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን የመሰለ ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ትልቅም አለ፤ ትናንሽ የግል ማተሚያ ቤቶችም ብዙ ናቸው።

ለ) አሳታሚ፦ በራሱ ገንዘብ መጽሐፉን አሳትሞ ሸጦ ለደራሲው ድርሻ የሚከፍል ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ የሚባል የመንግሥት አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ የበዓሉ ግርማን "ኦሮማይ" በ1975 ዓ.ም. ያወጣው እሱ ነው። ዛሬ የግል አሳታሚዎች አሉ፤ ሆኖም አዲስ ደራሲን በራሳቸው ገንዘብ የሚያሳትሙት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አገራችን ውስጥ ብዙ ደራሲ የኅትመቱን ወጪ የሚችለው ራሱ ነው።

ሐ) አርታኢ፦ ጽሑፉን አንብቦ የሚያርም፣ "ይህ ይውጣ፣ ይህ ይስፋ" የሚል ነው።

መ) አከፋፋይና አዟሪ፦ መጽሐፉን ወስዶ የሚሸጥ ነው። ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻውን ይቆርጣል።

አንድ ሰው መጥቶ "መጽሐፍሽን አወጣልሻለሁ" ካለሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው "አንተ ከነዚህ ከአራቱ የትኛው ነህ?" ብለሽ ነው። "ሁሉንም ነኝ" ካለ ጠንቀቅ በይ።

2ኛ. ምክር የሚገኝባቸው ሦስት ቦታዎች

ስለ አጻጻፍ፣ ስለ አንባቢ፣ ስለ ገበያ የሚሰጥ ምክር ከአንድ ሰው አፍ አይገኝም። ለየብቻ ፈልጊው።

የመጀመሪያው ቦታ መጽሐፍ ነው። በአማርኛ ስለ ልብ ወለድ አሠራር ማወቅ የሚፈልግ የዘሪሁን አስፋውን "የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን" ያንብብ። ስለ ታሪክ አወቃቀር፣ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ መቼት፣ ስለ አንጻር በአማርኛ ያስረዳል። ወደዚህ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንድ ቅጂ አስመጪ።

ግን የወደድሽው ልብ ወለድም አስተማሪ ነው። አንዴ ለደስታ ካነበብሽው በኋላ እንደ ልብስ ሰፊ ገልብጠሽ ስፌቱን እዪ። ታሪኩ ከየት ጀመረ? የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስንት ሰው አለ? ስንተኛው ገጽ ላይ ነው ችግሩ የገባሽ? ይህን ለሦስት አጫጭር ታሪኮች ብታደርጊ ብዙ ትማሪያለሽ።

የአማርኛ ልብ ወለድ የጆሮም ነገር ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ማንበብ የማይችለው እናትና አባታችን ሳይቀር ሰማው። እኛም ይህን መጠቀም እንችላለን። የጻፍሽውን በስልክሽ ቅጂና ልብስ ስትተኩሺ አዳምጪው። ምላስሽ የተደናቀፈበት፣ ትንፋሽ ያጠረሽ፣ "እስኪ ይለፍ" ያልሽበት ቦታ መታረም ያለበት ነው። ይህ ምክር በነፃ ነው፤ የሚሰጥሽም የራስሽ ጆሮ ነው።

ሁለተኛው ቦታ አንባቢ ነው። እዚህ ላይ ብዙ እንቆይ፤ ዋናው እሱ ስለሆነ።

3ኛ. አንባቢን እንዴት እንጠይቅ?

"ቆንጆ ነው ወይ?" ብለሽ ከጠየቅሽ ጓደኛሽ "በጣም ቆንጆ ነው" ትልሻለች። ትወድሻለች፣ ማስከፋት አትፈልግም። ከዚህ የምታገኚው ምክር የለም። እኛ በቡድናችን የምንጠይቀው እነዚህን አራት ጥያቄዎች ነው፦

ሀ) የቱ ጋ ስትደርሺ ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ሄደ?
ለ) ማንን ከማን ጋር አምታታሽ?
ሐ) ቀጥሎ ምን ይመጣል ብለሽ ጠበቅሽ?
መ) ነገ ለሌላ ሰው ብታወሪው የትኛውን ታወሪለታለሽ?

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት እህታችን ሄለን ስለምትባል ልጅ ታሪክ ጽፋ አነበበችልን። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ይል ነበር፦ "ሄለን ኤርፖርት ስትደርስ በጣም ተጨነቀች። በሕይወቷ እንዲህ ተጨንቃ አታውቅም።" ሁላችንም ያለፍንበት ነገር ነው፤ ግን ማናችንም አልተነካንም። አንዷ "እኔ ልጅቷ አልታየችኝም፤ እጇ ላይ ምን ይዛለች?" አለች። ጸሐፊዋ ለሳምንቱ ይህን ይዛ መጣች፦ "ሄለን እናቷ የቋጠረችላትን በሶ በሁለት እጇ አቅፋለች። ሰውዬው ፓስፖርቷን አምጪ ሲላት የትኛውን እጇን እንደምትለቅ ጠፋት።" ይህ ሲነበብ ክፍሉ ጸጥ አለ። "ተጨነቀች" የሚለው ቃል የለም፤ ጭንቀቱ ግን አለ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያቺ እህት ማስተካከያውን አልነገረቻትም። የጎደለውን ቦታ ብቻ ነው ያሳየቻት። አንባቢ እንደ ሕመምተኛ ነው፤ "እዚህ ጋ አመመኝ" ሲል እመኚው። "ስለዚህ ፍቅረኛ ጨምሪበት" ሲል ግን መድኃኒት ማዘዙ ነው፤ መድኃኒቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሦስት ሰዎች አንድ ገጽ ላይ ከቆሙ ያ ገጽ ታሟል። አንድ ሰው ብቻ ከቆመ ምናልባት ደክሞት ይሆናል።

አንባቢ ስትመርጪ ሦስት ዓይነት ይሁን፦ የቤት ሠራተኛን ኑሮ የምታውቅ አንዲት፣ ጭራሽ የማያውቅ አንድ ሰው፣ እና መጽሐፍ ማንበብ የሚወድ አንድ ሰው። የመጀመሪያዋ ውሸት ካለበት ትይዝሻለች። ሁለተኛው ያልተብራራውን ያሳይሻል። ሦስተኛው ደግሞ ከሌሎች ድርሰቶች ጋር አስተያይቶ ይነግርሻል።

አንድ ሌላ ምክር ደግሞ ተደጋግሞ ይመጣል፤ "ስለ ዓረብ አገር ከሆነ ድብደባ ይብዛበት፣ የሚሸጠው እሱ ነው" የሚል። ግፉ እውነት ነው፣ መጻፍም አለበት። ነገር ግን የኛ ኑሮ እሱ ብቻ ነው ወይ? በበረንዳ ከጎረቤት ሠራተኛ ጋር በምልክት ማውራት የለም? ያሳደግናት ሕፃን በአማርኛ "እማዬ" ስትለን የሚሰማን ነገር የለም? ወደ አገር የላክነው ገንዘብ ቤተሰብ ሲያጣላስ? ሌሎች ስለኛ ሲጽፉ እነዚህን አያውቋቸውም። ይህን የሚያስጥልሽ ምክር ገበያ ያውቅ ይሆናል፣ አንቺን ግን አያውቅሽም።

4ኛ. ስለ ገንዘብ

ሦስተኛው የምክር ቦታ ከዚህ በፊት ያሳተመ ሰው ነው። እሱን ስትጠይቂ ስለ ዝና አትጠይቂው፤ ቁጥር ጠይቂው። ስንት ቅጂ አሳተምክ? ስንቱ ተሸጠ? አከፋፋዩ ስንት ቆረጠ? ገንዘቡ በስንት ወር እጅህ ገባ? ያልተሸጠው የት ተቀመጠ? በሐቀኝነት የሚመልስልሽ ሰው ካገኘሽ እሱ እውነተኛ መካሪ ነው። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርም ለዚህ የሚሆን ቦታ ነው፤ ዘመድሽ ሄዶ ያሳተሙ ሰዎችን ቢያነጋግር አይከለከልም።

ራስሽ ወጪውን የምትችዪ ከሆነ ከሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ይምጣልሽ። የገጹ ብዛት፣ የቅጂው ብዛት፣ የወረቀቱ ዓይነት፣ የሽፋኑ ዓይነት ተጽፎ ይሁን። ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ይወጣል፤ በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ። ስለዚህ "ይህ ዋጋ ለስንት ቀን ይጸናል?" ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሚያስፈራው ልምጣ። ስሟን የማልጠራው አንዲት እህታችን አለች። አንድ ሰው በስልክ አግኝቷት ጥቂት ገጽ ላከችለት። በማግስቱ "አንቺ ታላቅ ደራሲ ነሽ" አላት። ከዚያ ለአርትዖት ብሎ የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለሽፋን ሥዕል ብሎ ሌላ የአንድ ወር ደመወዝ አስላካት። ደብተሩንም ወደ አገር በሚሄድ ሰው ላከችለት። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም። ገንዘቡንስ ሠርታ ትተካዋለች። ሦስት ዓመት የተጻፈው ደብተር ግን ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው እኛ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ራሱን እንደ ማንኛውም አሳታሚ የሚያስተዋውቅ አንድ ድርጅት ነበር። በርካታ ደራስያን "ይሄ ድርጅት የመጣለትን ሁሉ ሳያነብ ይቀበላል" ብለው ስለጠረጠሩ ተሰብስበው ሆን ብለው እጅግ መጥፎ ልብ ወለድ ጻፉ፤ "አትላንታ ናይትስ" አሉት። ሁለት ምዕራፎች ቃል በቃል አንድ ነበሩ። አንድ ምዕራፍ ጭራሽ የለም። አንዱን ምዕራፍ ደግሞ የጻፈው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ "ተቀብለነዋል" ብሎ ጻፈላቸው! በ2005 መጀመሪያ ደራስያኑ ነገሩን ሲገልጡት ውሳኔውን ሰረዘ። ሳያነብ የሚያመሰግን ሰው በየትም አገር አለ ማለት ነው።

በዚያው በአሜሪካ ደራስያን ዘንድ "ገንዘብ ወደ ደራሲው ነው መምጣት ያለበት" የሚል የታወቀ ደንብ አለ። በኛ አገር ደራሲው ራሱ ለማተሚያ ቤት ስለሚከፍል ደንቡ እንዳለ አይሠራም። እኔ ለኛ እንዲሆን እንዲህ አድርጌ እይዘዋለሁ፦ ለወረቀትና ለሥራ መክፈል ነውር የለውም፤ ነገር ግን ምስጋናውና ሒሳቡ ከአንድ አፍ ከወጡ ተጠንቀቂ። መፈተኛውም ቀላል ነው። ያመሰገነሽን ሰው "መጨረሻው ላይ እናትየዋ ያደረገችው ነገር እንዴት አገኘኸው?" በይው። ካላነበበ ይደናበራል።

ከመክፈልሽ በፊት ውል ይኑር። ውሉ ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ ስንት ቅጂ፣ መቼ እንደሚያስረክብ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ካልሠራ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ፣ የድርሰቱ መብት የማን እንደሆነ። ደረሰኝ ያዢ። አንቺ እዚህ ስለሆንሽ አገር ቤት የሚፈርምልሽ ሰው ውሉን በስልክ ያንብብልሽ፤ ያልገባሽ ቃል ካለ አይፈረም።

5ኛ. ድርሰትሽንና ራስሽን ጠብቂ

ስለ መብት እንወቅ። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የራስሽ የፈጠራ ሥራ ተጽፎ ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ መብቱ ያንቺ ነው። መታተም ወይም ማኅተም መመታት አይጠበቅበትም። የገንዘብ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ ለልጆችሽ ይተርፋል ማለት ነው። ስለዚህ "ስምሽ እንዲወጣ መብቱን ስጪኝ" ለሚል ሰው አትፈርሚ።

ቢሆንም መብት ያለ ማስረጃ ይደክማል። እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ቀኑን ጻፊበት፤ ለራስሽ ኢሜይልና አገር ቤት ላለ አንድ ለምታምኚው ሰው ላኪው። የኛን ኑሮ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ካለንበት ቤት ነገ በአንድ ሻንጣ ልንወጣ እንችላለን። አንድ ብቻ የሆነ ደብተር ለማንም አይሰጥም፤ ለኔም ቢሆን!

ሌላው ስለ ሰዎች መጻፍ ነው። "ልብ ወለድ ነው" ማለት ብቻውን አያድንም። "ኦሮማይ" ሲወጣ ገጸ ባሕርያቱ በዘመኑ ከነበሩ ባለሥልጣናት ጋር ተመሳሰሉ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የኛ ነገር እንደዚያ አይደለም፤ ሆኖም አሁን ስለምትሠሪበት ቤት ስትጽፊ ስሙን ብቻ ለውጠሽ አትተዪው። ሰፈሩን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ የማዳሟን ሥራ፣ ዓመቱን ቀላቅዪው። ኮንትራትሽና የመኖሪያ ፈቃድሽ በነሱ እጅ እስካለ ድረስ ይህ ጥንቃቄ ነው። እውነቱ የሚቀመጠው ነገሩ ውስጥ ስለሆነ አድራሻው ቢቀየር አይጠፋም።

6ኛ. ከትንሹ እንጀምር

መጽሐፍ የመጀመሪያው ደረጃ አይደለም። አንድ አጭር ታሪክ፣ አራት ወይም አምስት ገጽ፣ ጨርሺ። በጋዜጣችን ይውጣ፣ በጉባኤ ይነበብ፣ ድምፁ ተቀርጾ ለጓደኞች ይላክ። በቴሌግራም የምትለቂ ከሆነ አንድ ምዕራፍ ይበቃል፤ ሙሉው አንዴ ከወጣ ማንም ይቀባበለዋል።

"የቤት ሠራተኛ ደራሲ መሆን ትችላለች ወይ?" ለሚል መልስ አለ። በሆንግ ኮንግ የሚኖሩ የኢንዶኔዥያ የቤት ሠራተኞች እንደኛው በእሑድ ዕረፍታቸው እየተሰበሰቡ፣ የጽሑፍ ማኅበር አቋቁመው፣ የአጫጭር ታሪክ መድብሎች አሳትመዋል። በታይዋን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ለስደተኛ ሠራተኞች የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተጀምሮ ሠራተኞች በገዛ ቋንቋቸው የጻፉትን አወዳድሯል። ከኛው አካባቢ ሱሌይማን አዶንያ አለ፤ ከኤርትራ ወጥቶ በሱዳን የስደተኞች ካምፕ፣ ከዚያም በጅዳ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ታሪኩ ጅዳ ውስጥ ነው። በኋላም ብራስልስ ላይ ለስደተኞች የጽሑፍ ትምህርት ቤት አቋቁሟል። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ "ጦቢያ" ራሱ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነበር። ከአገር ርቆ መጻፍ ከኛ አልተጀመረም።

ለማጠቃለል፦ አጻጻፍን ከመጽሐፍ ተማሪ፤ ድርሰትሽን በጆሮሽና በሦስት አንባቢ ፈትኚ፤ ገበያውን ካሳተመ ሰው በቁጥር ጠይቂ፤ ምስጋናን ከሒሳብ ለዪ፤ ቅጂ ሳትይዢ ደብተርሽን አትስጪ።

የቤት ሥራ፦ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ ሁለት ገጽ ጽፋችሁ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ስሙት። ምላሳችሁ የተደናቀፈበትን ቦታ አስምሩበት።

ለውይይት፦
1. እስካሁን ስለ ጽሑፋችሁ ከተነገራችሁ ምክር አንድ የተለየ ገጽ ላይ ያረፈው የትኛው ነው?
2. ስለኛ በሌሎች ከተጻፈው ውስጥ የጎደለው ምንድን ነው?
3. ከመካከላችን ያሳተመ ሰው የሚያውቅ አለ? ቁጥሩን ጠይቆ ይንገረን።

የጻፋችሁትን ቅጂውን ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ ደብተሩ ከእናንተ ጋር ይቆይ። በሚቀጥለው ዕትም ከመጡት አንዱን እናወጣለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!